ጉንፔይ ዮኮይ፦ በቆየ ቴክኖሎጂ አዲስ ነገር የፈጠሩት መሐንዲስ

(በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት፣ ሌላ ካልተገለጸ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኖቬምበር 13 ቀን 2020 ኒንቴንዶ የተባለው የጃፓን ኩባንያ በመዳፍ ላይ የምታርፍ አንዲት ትንሽ መጫወቻ ለገበያ አቀረበ። ምክንያቱ በዓል ነበር። ማሪዮ የተባለው ባለ ቀይ ቆብ ገጸ ባሕርይ እየሮጠና እየዘለለ፣ ገደል እየተሻገረ፣ ጠላቶቹን እየረገጠ የሚያልፍበት ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ የተሰኘ የቪዲዮ ጌም ለሕዝብ ከቀረበ 35 ዓመት ሞልቶት ነበር። ለዚህ በዓል የተሠራችው መጫወቻ ቀይና ወርቃማ ቀለም የተቀባች ስትሆን በግራዋ የመስቀል ቅርጽ ያለው መጫኛ፣ በቀኟ ደግሞ ሁለት ክብ ቁልፎች አሏት። ተጫዋቹ ሲያሳርፋት ሰዓት ትቆጥራለች።

ኩባንያው በዘመኑ እጅግ የረቀቁ ማሽኖች ነበሩት። በዓሉን ለማክበር የመረጠው ግን ከ40 ዓመት በፊት የተፈጠረ ቅርጽ ነው። የመጫወቻዋ መልክ፣ ጌምን ከሰዓት ጋር የማዋሐዱ ሐሳብ፣ የመስቀሉ መጫኛም ጭምር የአንድ ሰው የእጅ ሥራ ውጤቶች ናቸው። ሰውየው ጉንፔይ ዮኮይ ይባላሉ። በዚያ በዓል ላይ ግን አልነበሩም፤ ከ23 ዓመት በፊት በአውራ ጎዳና ላይ በደረሰ የመኪና አደጋ ሕይወታቸው አልፏል።

የዮኮይ ታሪክ የልጆች መጫወቻ ታሪክ ብቻ ቢሆን ኖሮ ለገበሬውም ለከተሜውም የሚተርፍ ቁም ነገር ባልኖረው ነበር። እርሳቸው ዕድሜያቸውን ሙሉ የያዙት ጥያቄ ግን ከመጫወቻ ይሰፋል። አዲስና ውድ ቴክኖሎጂ የማይገዛ ሰው፣ ርካሽና የታወቀ ነገር ይዞ አዲስ ነገር መፍጠር ይችላልን? ሕይወታቸው ለዚህ ጥያቄ የተሰጠ መልስ ነው።

የካርታ ፋብሪካው ጥገና ሠራተኛ

ጉንፔይ ዮኮይ ሴፕቴምበር 10 ቀን 1941 በጥንታዊቷ የጃፓን ከተማ በኪዮቶ ተወለዱ። በእኛ አቆጣጠር ጳጉሜን 5 ቀን 1933 ዓ.ም፣ የዘመን መለወጫ ዋዜማ መሆኑ ነው። ከተወለዱ ሦስት ወር ሳይሞላ ሀገራቸው ከአሜሪካ ጋር ጦርነት ገጠመች። ቶኪዮና ሌሎች ታላላቅ ከተሞች በአውሮፕላን ድብደባ ሲወድሙ ኪዮቶ በአመዛኙ ከጥፋት ተርፋለች። ሕፃኑ ዮኮይ ያደጉት ከጦርነት በኋላ ራሷን ከፍርስራሽ በምታነሣ ሀገር ውስጥ ነው።

በኪዮቶው ዶሺሻ ዩኒቨርሲቲ የኤሌክትሮኒክስ ትምህርት ተከታትለው ተመረቁ። ይሁን እንጂ ከክፍላቸው የላቁ ተማሪ አልነበሩም። ጓደኞቻቸው ወደ ትላልቆቹ የኤሌክትሮኒክስ ፋብሪካዎች ሲገቡ እርሳቸው ያን ዕድል አላገኙም። የትውልድ ከተማቸውንም መልቀቅ አልፈለጉም። በዚህ ምክንያት በ1965 ኪዮቶ ውስጥ በሚገኝ አንድ የመጫወቻ ካርታ ፋብሪካ ተቀጠሩ። ፋብሪካው ኒንቴንዶ ነበር።

ኒንቴንዶ በ1889 የተመሠረተው ሀናፉዳ የሚባሉትን፣ አበባ የተሳለባቸውን የጃፓን ካርታዎች ለመሥራት ነው። በ1960ዎቹ የካርታ ገበያ ሲቀዛቀዝ ፕሬዚዳንቱ ሂሮሺ ያማውቺ የታክሲ ሥራም፣ ፈጥኖ የሚደርስ የሩዝ ምግብም ሞከሩ፤ ሁለቱም አልሠመሩም። ዮኮይ የገቡት ኩባንያው እንዲህ መንገድ በጠፋው ጊዜ ነው። የተሰጣቸው ሥራም ካርታ የሚያመርቱትን ማሽኖች መጠገን ሆነ። ዘይት ማጠጣት፣ ብሎን ማጥበቅ፣ ሲሰበር መቀየር፤ ማሽኑ ካልተበላሸ ደግሞ ሥራ ፈትቶ መቀመጥ።

ሥራ በሌለባቸው ሰዓቶች እጃቸው አላረፈም። የፋብሪካውን መሣሪያዎች ተጠቅመው ለራሳቸው መዝናኛ አንድ ነገር ሠሩ። እንጨቶችን እንደ መቀስ እያጠላለፉ በማያያዝ፣ እጀታው ሲጨመቅ ወደፊት የሚዘረጋ፣ ሲለቀቅ የሚሰበሰብ ረጅም እጅ ነበር። ከጫፉ ዕቃ የሚይዝ መቆንጠጫ አለው። አንድ ቀን በዚህ ሲጫወቱ ፕሬዚዳንቱ አዩአቸው። ወደ ቢሮ ሲጠሩ ዮኮይ ተግሣጽ የሚጠብቃቸው መስሏቸው ነበር። ያገኙት ግን ሌላ ነው። ያማውቺ ያን ነገር ለገበያ የሚሆን መጫወቻ አድርገው እንዲያዘጋጁት አዘዟቸው።

መጫወቻው አልትራ ሀንድ ተብሎ በ1966 ወጣ፤ ከ1 ሚሊዮን በላይም ተሸጠ። በውስጡ አንድም አዲስ ግኝት አልነበረም። የተጠላለፈው እንጨት አሠራር ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነው። አዲስ የሆነው የዋለበት ቦታ ነው። የጥገና ሠራተኛው ከዚያ በኋላ ወደ ማሽን ጥገና አልተመለሱም፤ የኩባንያው የመጫወቻ ፈጣሪ ሆኑ።

ወደ ግራ ብቻ የምትታጠፍ መኪና

ቀጥለው በመጡት ዓመታት ዮኮይ የሠሯቸው መጫወቻዎች አንድ ባሕርይ ይጋራሉ። ለአንድ ጉዳይ የተሠራን ነገር ወስደው ለሌላ ጉዳይ ያውሉታል። በ1969 የወጣው የፍቅር መለኪያ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። የኤሌክትሪክ ፍሰት የሚለካ ተራ መሣሪያ ነው። ሁለት ሰዎች መያዣዎቹን በየአንድ እጃቸው ጨብጠው በሌላው እጃቸው ሲያያዙ በሰውነታቸው ውስጥ የሚያልፈውን ጥቂት ፍሰት ቀስቱ ያሳያል። ፍቅርን እንደማይለካ ሁሉም ያውቃል። ነገር ግን ወጣት ወንድና ሴት በሰው ፊት እጅ ለእጅ መያያዝ በሚያፍሩበት ዘመን፣ መሣሪያው ለመያያዝ ሰበብ ሆነላቸው።

በ1970 ደግሞ የብርሃን ጠመንጃ ሠሩ። ሻርፕ የተባለው ኩባንያ ሠራተኛ የነበሩት፣ ኋላም ወደ ኒንቴንዶ የተዛወሩት ማሳዩኪ ኡኤሙራ የፀሐይ ብርሃንን ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይሩ የሶላር ሕዋሳትን ያስተዋውቁ ነበር። ሌላው ሰው ሶላር ሲያይ ኃይል ማመንጫ ያያል። ዮኮይ ግን ብርሃን ሲያርፍበት ምላሽ የሚሰጥ ዒላማ አዩ። ከጠመንጃው የሚወጣው ብርሃን የሶላር ሕዋሱን ሲመታ ዒላማው ይወድቃል። ይህንኑ ሐሳብ በ1973 በትላልቅ አዳራሾች ለሚደረግ የተኩስ ጨዋታ ቢያሰፉትም በዚያው ዓመት የተከሰተው የዓለም የነዳጅ ቀውስ ደንበኞችን አሸሸ፤ ኩባንያውም በዕዳ ተያዘ። የዮኮይ ሥራ ሁሉ የተቃና እንዳልነበረ ከዚህ ይታያል።

አስተሳሰባቸውን ከሁሉ በላይ የምትገልጸው ግን በ1972 የወጣችው በሪሞት የምትነዳ ትንሽ መኪና ናት። በዚያ ጊዜ እንዲህ ያሉ መኪናዎች እጅግ ውድ ነበሩ። ወደፊትም ወደኋላም፣ ወደ ቀኝም ወደ ግራም እንዲሄዱ ለማድረግ ብዙ የራዲዮ መስመር ያስፈልጋል፤ ዋጋውን የሚያንረውም ይኸው ነው። ዮኮይ አብዛኛውን አወጡና አንዱን ብቻ አስቀሩ። የእርሳቸው መኪና ቀጥታ ትሄዳለች፤ ሲታዘዝ ወደ ግራ ትታጠፋለች፤ ሌላ አታውቅም። በክብ ሜዳ ላይ ለሚደረግ እሽቅድምድም ደግሞ ወደ ግራ መታጠፍ ይበቃል። ዋጋዋ ስለወረደ ሪሞት መኪና ከመስኮት ውጭ ቆመው ያዩ የነበሩ ልጆች ባለቤት ሆኑ።

ዮኮይ ይህን የአሠራር ዘዴያቸውን ኋላ ላይ በጥቂት ቃላት ሰይመውታል። በጃፓንኛ የተጠቀሙበት ቃል ለዕፅዋት ሲነገር የደረቀ፣ የጠወለገ ማለት ነው። በመሐንዲሶች አነጋገር ግን ትርጉሙ ለየት ይላል፤ ለረጅም ጊዜ ያገለገለ፣ ጠባዩ ጥርት ብሎ የታወቀ፣ ዋጋው የወረደ ቴክኖሎጂ ማለት ነው። የእርሳቸው ምክር እንዲህ ያለውን ቴክኖሎጂ ይዞ ወደጎን ማሰብ፣ ማለትም ከተለመደው ቦታው አውጥቶ ማንም ባላሰበው ቦታ መትከል ነበር። ዘር የሚያውቅ ገበሬ ይህን አሳብ ለመረዳት አይቸገርም። በሁለት ዝናብ ያልተፈተነ አዲስ ዘር ተስፋ አለው፤ ለዓመታት የተፈተነው ግን ድርቁም ዋጉም ሲመጣ ምን እንደሚሆን ይታወቃል።

በባቡር ውስጥ የታየ ካልኩሌተር

በ1970ዎቹ የጃፓን ኩባንያዎች በካልኩሌተር ገበያ ብርቱ ፉክክር ውስጥ ነበሩ። እርስ በርስ ሲሻሙ ዋጋው ወረደ፣ መጠኑም አነሰ። ቁጥሮቹን የሚያሳየው ፈሳሽ ክሪስታል የተባለው ስስ ስክሪን፣ ከእርሱም ጋር የሚሠራው ጥቃቅን የኤሌክትሮኒክስ ክፍል፣ የረከሰና የተትረፈረፈ ዕቃ ሆነ።

ዮኮይ አንድ ቀን ሺንካንሰን በሚባለው ፈጣን ባቡር ሲጓዙ የደከመው የቢሮ ሠራተኛ ጊዜ ለመግደል የካልኩሌተሩን ቁልፎች ሲነካካ አዩ። ከዚህ አንድ ሐሳብ በልባቸው አደረ። አዋቂ ሰው በሕዝብ መካከል ሳያፍር በሁለት አውራ ጣቶቹ የሚጫወትበት፣ በእጁ ውስጥ የሚሸሸግ ትንሽ ጌም ቢኖርስ? ከዕለታት አንድ ቀን የፕሬዚዳንቱን መኪና የሚነዳ ሰው በመጥፋቱ ዮኮይ እንዲነዱ ተጠየቁ። በመንገድ ላይ ይህንኑ ሐሳብ እንደዋዛ አነሡት። ያማውቺ ዝም ብለው የሰሙ መስለው ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ ግን የካልኩሌተር ስክሪን ከሚያመርተው ከሻርፕ ጋር ንግግር ተጀመረ።

በ1980 ጌም ኤንድ ዋች የተሰኘው መጫወቻ ተወለደ። የመጀመሪያው ኳስ እየወረወሩ መቅለብ ብቻ ነበር። ስክሪኑ ጥቁር ምስሎችን ብቻ ያሳያል፤ እያንዳንዱ መጫወቻ የያዘው ያንኑ አንድ ዓይነት ጨዋታ ነው። ጌም በማይጫወቱበት ጊዜ ሰዓት ሆኖ ያገለግላል። ወደ 60 የሚጠጉ ዓይነቶች ወጡ፤ በድምሩም ከ43 ሚሊዮን በላይ ተሸጡ። ኩባንያው ከዕዳው ተላቀቀ።

የመስቀሉ መጫኛም የመጣው ከዚሁ ሥራ ነው። በ1982 ዶንኪ ኮንግ የተባለው ጌም ሁለት ስክሪን ያለው፣ እንደ መጽሐፍ የሚታጠፍ ሆኖ ሲዘጋጅ አንድ ችግር ተፈጠረ። ገጸ ባሕርዩን ወደ አራት አቅጣጫ ማንቀሳቀስ ያስፈልጋል። በትላልቆቹ ማሽኖች ላይ ይህ የሚሠራው ወደ ላይ በቆመ ዘንግ ነበር፤ ዘንግ ያለው ነገር ደግሞ አይታጠፍም። ዮኮይ ዘንጉን አውጥተው በምትኩ ጠፍጣፋ የመስቀል ቅርጽ አስቀመጡ። አውራ ጣት ሳይታይ አቅጣጫውን በመዳሰስ ይለየዋል። ይህ ትንሽ ፕላስቲክ ኋላ ላይ በኒንቴንዶ የቤት ውስጥ ማሽን ላይ ተተከለ፤ ከዚያም በልዩ ልዩ መልክ በመላው ዓለም የጌም መሣሪያዎች ላይ ተለመደ።

ማሪዮ ከከፍታ እንዲዘል የፈቀዱት ሰው

ለዮኮይ የበዓሉ መጫወቻ መታሰቢያ የምትሆነው በቅርጿ ብቻ አይደለም። ከማሪዮ ጋርም ቀጥተኛ ግንኙነት ነበራቸው። በ1981 ኒንቴንዶ አሜሪካ ውስጥ ሳይሸጡ የቀሩ በርካታ የጌም ማሽኖች በእጁ ላይ ነበሩ። በእነዚያው ማሽኖች ውስጥ የሚገባ አዲስ ጨዋታ እንዲሠራ ሺገሩ ሚያሞቶ የተባሉ ወጣት ሠዓሊ ታዘዙ። ሚያሞቶ ያን ጊዜ ጌም ሠርተው አያውቁም፤ ሥራውን በበላይነት እንዲመሩ የተመደቡት ዮኮይ ነበሩ። ውጤቱ ዶንኪ ኮንግ ሆነ። አንድ አናጺ ከበርሜልና ከእሳት እያመለጠ፣ እየዘለለ ወደ ላይ የሚወጣበት ጨዋታ ነው። ያ አናጺ ብዙም ሳይቆይ ማሪዮ ተባለ።

በ1983 ማሪዮ ብራዘርስ ሲዘጋጅ ሁለቱ አብረው ሠሩ። ሚያሞቶ በመጀመሪያ ያሰቡት ማሪዮ ከከፍታ ሲወድቅ እንዲጎዳ ነበር፤ በእውነተኛው ዓለም የሚሆነው እንዲያ ነውና። ዮኮይ ግን ገጸ ባሕርዩ ከሰው በላይ ኃይል ቢኖረው ጨዋታው እንደሚጥም አስረዱ። ስለዚህ ማሪዮ ከየትኛውም መደብ ላይ ቢዘል ሳይጎዳ እንዲያርፍ ሆነ። በ1985 የወጣውና 35ኛ ዓመቱ የተከበረለት ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ በሚያሞቶና በባልደረቦቻቸው የተሠራ ነው። ሆኖም ማሪዮ በዚያ ጨዋታ ውስጥ ያለ ፍርሃት የሚዘለው በቀድሞው ሥራ ላይ ያ ምክር ስለተሰጠ ነው።

አራት የባትሪ ድንጋይና የደበዘዘ ስክሪን

የዮኮይ ትልቁ ፈተናና ትልቁ ስኬት በ1989 መጣ። ጌም ኤንድ ዋች አንድ ጨዋታ ብቻ ነበር የሚይዘው። አሁን የተፈለገው ጨዋታው እንደ ካሴት እየተነቀለና እየተሰካ የሚለዋወጥበት የእጅ ማሽን ነበር። የቡድናቸው አባል የሆኑት መሐንዲስ ሳቶሩ ኦካዳ ማሽኑ ጠንከር ያለና ለዓመታት የሚያገለግል እንዲሆን ተከራከሩ፤ ዮኮይም ተስማሙ። በአንድ ነገር ላይ ግን አልተበገሩም። ስክሪኑ ባለ ቀለም አይሆንም፤ ከኋላውም መብራት አይኖረውም።

ምክንያታቸው ቀላል ነበር። ቀለምና መብራት ኃይል ይበላሉ፤ ኃይል ደግሞ የባትሪ ድንጋይ ማለት ነው፤ የባትሪ ድንጋይ ገንዘብ ነው። መጫወቻው የሚጠቀመው በየሱቁ የሚሸጠውን ትንሹን የባትሪ ድንጋይ ነው። በራዲዮ የኖረ ሰው ድንጋዩ ሲያልቅበት ፀሐይ ላይ አስጥቶ ጥቂት ለማቆየት የሚጥረውን ጥረት ያውቀዋል። ዮኮይም የሚያስቡት ወላጆቹን ድንጋይ ግዙልኝ እያለ የሚለምነውን ልጅ ነበር።

ማሽኑ ጌም ቦይ ተብሎ ኤፕሪል 21 ቀን 1989 በጃፓን ወጣ። ስክሪኑ አረንጓዴ መሰል ሲሆን ምስሉን የሚያሳየው በአራት ደረጃ ጥላ ብቻ ነው። ብርሃን በሌለበት ቦታ አይታይም። ነገር ግን በአራት የባትሪ ድንጋይ ከ10 ሰዓት በላይ ይሠራል፤ በአሜሪካ የተሸጠውም በ90 ዶላር ገደማ ነው። በዚያው ዓመት አታሪ የተባለው ኩባንያ ሊንክስ የተሰኘ ባለ ቀለም የእጅ ማሽን አወጣ፤ ዋጋው 180 ዶላር ገደማ ነበር። ሴጋ የተባለው ሌላው ተፎካካሪ በ1990 በጃፓን ያወጣው ጌም ጊርም ባለ ቀለም ነው፤ በአሜሪካ ዋጋው 150 ዶላር ሆነ። ሁለቱም በውበት ጌም ቦይን ያስንቁ ነበር። ሁለቱም ግን ስድስት ስድስት የባትሪ ድንጋይ ይውጣሉ፤ ያንንም በአምስት ሰዓት ገደማ ወይም ከዚያ ባነሰ ጊዜ ይጨርሳሉ።

ፍርዱን የሰጠው ገበያው ነው። ጌም ጊር ወደ 11 ሚሊዮን ገደማ ሲሸጥ ጌም ቦይ ኋላ ላይ ከወጣው ባለ ቀለም ወንድሙ ጋር ተደምሮ ከ118 ሚሊዮን በላይ ተሸጠ። ከማሽኑ ጋር ከወጡት ጨዋታዎች አንዱ ሱፐር ማሪዮ ላንድ ነበር። ይህ ጨዋታ ያለ ሚያሞቶ፣ በዮኮይ ቡድን የተሠራ ሲሆን 12 ደረጃዎች ብቻ ያሉት አጭር ሥራ ነው፤ ከ18 ሚሊዮን በላይ ተሸጧል። ሌላው ደግሞ በሶቪየት ኅብረት አሌክሲ ፓጂትኖቭ የፈጠሩት፣ የሚወርዱ ቅርጾችን እያገጣጠሙ መደርደር የሆነው ቴትሪስ ነው። ቴትሪስ ቀለም አይፈልግም፤ ልጅና ሽማግሌም አይለይም። ሁለት ማሽኖችን የሚያገናኝ ገመድም ስለነበር ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ተቀምጠው ይወዳደሩ ነበር።

ጌም ቦይ ጠንካራም ነበር። በባሕረ ሰላጤው ጦርነት ጊዜ በቦምብ በተመታ የወታደሮች ካምፕ ውስጥ የተቃጠለ አንድ ጌም ቦይ ለዓመታት በኒው ዮርክ በሚገኘው የኒንቴንዶ መደብር ለእይታ ቀርቧል። ሽፋኑ በእሳት ቀልጦ ጠቁሯል፤ ስክሪኑ ግን ቴትሪስን ያሳይ ነበር።

ከመንገዳቸው የወጡበት ጊዜ

ከዚህ ሁሉ በኋላ ዮኮይ ወደ ሌላ ነገር ዞሩ። በ1990ዎቹ አጋማሽ የጌም ኩባንያዎች ሁሉ በምስል ጥራት እየተሽቀዳደሙ ነበር። እርሳቸው ይህ ሽቅድምድም ጨዋታን ከጨዋታነት ያወጣዋል ብለው ይሰጉ ስለነበር ፈጽሞ የተለየ ዓይነት መጫወቻ ፈለጉ። በ1995 የወጣው ቨርቹዋል ቦይ ዐይን ላይ የሚደቀን፣ ምስሉን ጥልቀት ያለው አስመስሎ የሚያሳይ ማሽን ነበር።

ማሽኑ በእጅ አይያዝም፤ በጠረጴዛ ላይ በእግር ቆሞ ተጫዋቹ አንገቱን ደፍቶ ይመለከተዋል። ምስሉ ቀይና ጥቁር ብቻ ነው። ብዙዎች ዐይናችንን አደከመን፣ ራሳችንን አመመን ብለው አማረሩ። ቀድሞ የሠሯቸው መጫወቻዎች ሰውን ከሰው ያገናኙ ነበር፤ በዚህኛው ግን የሚጫወተው የሚያየውን አጠገቡ ያለ ሰው አያየውም። 770 ሺህ ያህል ብቻ ተሸጦ ዓመት ከመንፈቅ ሳይሞላው ምርቱ ቆመ።

የዮኮይን ዘዴ ለሚያጠና ሰው ይህ ውድቀት ከስኬታቸው ያልተናነሰ ያስተምራል። ጌም ቦይ በሺህ እጆች የተፈተነ ዕቃ ነበር። ቨርቹዋል ቦይ ግን የሰው ዐይንና አንገት ለሰዓታት ሲሠራበት ምን እንደሚል ገና በደንብ ያልታወቀ ነገር ነው። ለሌሎች ይመክሩ የነበረውን ጥንቃቄ በራሳቸው ሥራ ላይ ሳይጠብቁት ቀሩ።

በኦገስት 1996 ከ31 ዓመት አገልግሎት በኋላ ኒንቴንዶን ለቀቁ። ብዙ ሰው በውድቀቱ ምክንያት ተባረሩ ብሎ አወራ። እርሳቸው ግን ከቀድሞም በራሳቸው መንገድ ለመሥራት አስበው እንደነበር አስረድተዋል። ከመሄዳቸው በፊትም አንድ የመጨረሻ ሥራ አስረክበዋል። ቀለል ያለው፣ ስክሪኑ የጠራው፣ ትንሹ ጌም ቦይ በዚያው ዓመት ወጣ። በዚያው ዓመት መጀመሪያ ላይ የወጣው ፖኬሞን የተባለው ጨዋታም ሁለት ልጆች በገመዱ ተገናኝተው የሰበሰቧቸውን ፍጡራን እንዲለዋወጡ ያደርግ ነበር። ብዙዎች ያበቃለት የመሰላቸው ማሽን እንደገና አንሰራራ።

አንድ የባትሪ ድንጋይ

ዮኮይ ኮቶ የተባለ የራሳቸውን ድርጅት በኪዮቶ አቋቋሙ። ባንዳይ ከተሰኘው የመጫወቻ አምራች ጋርም አዲስ የእጅ ማሽን መንደፍ ጀመሩ። ወደ ድሮው መንገዳቸው ተመልሰው ነበር። ጌም ቦይ በአራት የባትሪ ድንጋይ ተነሥቶ ነበር፤ አዲሱ ማሽን የሚያስፈልገው አንድ ብቻ ነው። በዚያች አንድ ድንጋይም ከ30 ሰዓት ያላነሰ ይሠራል።

ሥራው ሲጠናቀቅ ግን አላዩትም። ኦክቶበር 4 ቀን 1997፣ በእኛ አቆጣጠር መስከረም 24 ቀን 1990 ዓ.ም፣ በጃፓን ኢሺካዋ አውራጃ በሆኩሪኩ ፈጣን መንገድ ላይ ከሌላ ሰው ጋር በመኪና ይጓዙ ነበር። የተሳፈሩባት መኪና ከፊቷ ያለውን የጭነት መኪና ከኋላ ገጨች። ጉዳቱ ከባድ አልነበረም። ዮኮይ የደረሰውን ለማየት ከመኪናው ወረዱ። በዚያች ቅጽበት ሌላ መኪና መጥቶ ገጫቸው። 56 ዓመታቸው ነበር።

ዎንደርስዋን የተባለው ያ ማሽን በማርች 1999 ለገበያ ቀረበ። ዋጋው 4 ሺህ 800 የጃፓን የን ነበር፤ ጌም ቦይ ከአሥር ዓመት በፊት ሲወጣ ከተሸጠበት 12 ሺህ 500 የን ጋር ሲነጻጸር ከግማሽ በታች ነው። ከማሽኑ ጋር የወጣ አንድ ጨዋታም በስማቸው ጉንፔይ ተብሎ ተሰየመ። በ2003 ደግሞ የዓለም አቀፉ የጌም ሠሪዎች ማኅበር ለዕድሜ ልክ አገልግሎታቸው ሽልማት ሰጥቷቸዋል። የሚቀበሉት ግን እርሳቸው አልነበሩም።

ከሁሉ የሚበልጠው መታሰቢያቸው ግን ስም ያልተጻፈበት ነው። በ2020 የወጣችውን የበዓል መጫወቻ የገዛ ልጅ የዮኮይን ስም ሰምቶ ላያውቅ ይችላል። ማሪዮን ወደፊት ለማስሮጥ ግራ አውራ ጣቱን በመስቀሉ ላይ ያሳርፋል፤ ገጸ ባሕርዩ ከከፍተኛው መደብ ዘልሎ ሳይጎዳ መሬት ይረግጣል፤ ልጁም ሲደክመው መጫወቻዋን ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጣታል፤ እርሷም ሰዓት መቁጠሯን ትቀጥላለች። ሦስቱም አንድ የካርታ ፋብሪካ ጥገና ሠራተኛ ርካሽና የቆየ ዕቃን በአዲስ ዐይን በመመልከት የተዉልን ናቸው።

ዛሬም አዲስ መሣሪያ ወደ ገጠርም ወደ ከተማም በገባ ቁጥር የሚነሡ ጥያቄዎች አሉ። ኃይሉ ስንት ቀን ይዘልቃል? ሲሰበር ማን ይጠግነዋል? ዋጋውን የሚችለው ማን ነው? ጉንፔይ ዮኮይ ሥራቸውን የሚጀምሩት ከእነዚህ ጥያቄዎች ነበር።